ሁለት ዙር ብቻ! የሆሳዕናዋ ፋንቱና ያላየነው ሩጫ

ወገኖቼ፣ ሁለት ዙር ብቻ ነው! ሃያ አምስት ዙር አይደለም፤ አሥራ ሁለት ተኩልም አይደለም። ሽጉጡ ይጮኻል፣ ሯጮቹ ይፈተለካሉ፣ አንዴ ዞረው ሲመጡ ደወሉ ይደወላል፣ ሁለተኛውን ሲጨርሱ አንዷ እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች፣ ሌሎቹ መሙ ላይ ይዘረራሉ። ፍርሃት፣ ድፍረት፣ ተንኮል፣ ስሌት፣ ስቃይና ደስታ፣ ሁሉም ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይመጣሉ፣ ያልቃሉ። 800 ሜትር ማለት ይህ ነው። ከሩጫ ዓይነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አለ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር!

እዚህ ፍቅር ውስጥ የከተተችኝ የሆሳዕናዋ ልጅ ፋንቱ ማጊሶ ናት። የኢትዮጵያን የአትሌቲክስ ክብረ ወሰኖች ሳገላብጥ ነው ስሟ ዓይኔ ላይ የተተከለው። ሴቶች 800 ሜትር፦ ፋንቱ ማጊሶ። ጥሩ። ወደ ላይ አልኩ፤ ሴቶች 400 ሜትር፦ ፋንቱ ማጊሶ። እንዴ! ደግሞ ወደ ላይ፤ ሴቶች 200 ሜትር፦ አሁንም ፋንቱ ማጊሶ! አንዲት ሴት የሦስት ርቀቶችን የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ ይዛ ነበር፤ ያውም 200 እና 400 የሚባሉ፣ ኢትዮጵያዊ ሲሮጣቸው ማየት ብርቅ የሆኑ ርቀቶች። በዚህች አገር የረጅም ርቀት ጀግኖችን ስም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በቃሉ ያነበንባል። ይህችን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሆሳዕና፣ እግር ኳስ በሚወደድባት፣ ሀዲያ ሆሳዕና በሚጫወትበት ቀን አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም በሚያስተጋባባት ከተማ፣ እንዲህ ያለች ፈጣን እግር መብቀሏ ራሱ በከበሮ ሊነገር የሚገባው ዜና ነው።

እስቲ ሰዓቷን ልንገራችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። በ2004 ዓ.ም. ፋንቱ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ57.48 ሰከንድ ገባች። ቁጥር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለስምንት አካፍሉት። እያንዳንዱን 100 ሜትር በ14.7 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። አሁን ቀነኒሳ በቀለን አስታውሱ፤ ብራስልስ ላይ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ ዓለምን ያስደመመበትን ምሽት። የቀነኒሳ እያንዳንዱ 100 ሜትር በአማካይ 15.8 ሰከንድ ያህል ነበር። የሆሳዕናዋ ልጅ በሁለቱ ዙሮቿ ከቀነኒሳ ፍጥነት በላይ ነው የሮጠችው! ርቀቱ አንድ አይደለም፣ ውድድሩም አንድ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። እሱ ያን ፍጥነት መቶ ጊዜ ደጋግሞታል፣ እሷ ስምንት ጊዜ። ነገር ግን 800 ሜትር ምን ዓይነት እብደት እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሂሳብ የለም። ሰፈራችሁ ያለ ሜዳ ላይ 100 ሜትር ለኩና በ15 ሰከንድ ሩጡት። ብዙ ጤነኛ ወጣት ይችለዋል። ከዚያ ሳታርፉ ሰባት ጊዜ ድገሙት፤ ያኔ ፋንቱን ትረዷታላችሁ!

ውበቱ ያለው ግን ከሰዓቱ ይልቅ በሩጫው አሠራር ላይ ነው። 400 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከመነሻ እስከ መጨረሻ የራሱ መስመር አለው፤ ማንም አይነካው፣ ማንም አይዘጋበትም። 5 ሺህና 10 ሺህ የሚሮጡት ደግሞ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ በአንድነት ይተማሉ፤ ለማሰብም ለመታረምም ጊዜ አላቸው። 800 ግን ከሁለቱም ነው! የመጀመሪያውን ጥምዝ እያንዳንዷ በራሷ መስመር ትሮጣለች፤ ልክ ጥምዙ ሲያልቅ መስመር መልቀቅ ይፈቀድና ሁሉም ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይጎርፋል። ያቺን ቅጽበት እዩልኝ! ስምንት ሰው አንድ ጠባብ ቦታ ይፈልጋል። ክርን ከክርን ይነካካል፣ ሹል ጫማ ከቋንጃ ጋር ይተላለፋል። ከፊት የወጣ ንፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል፤ ከኋላ የቀረ ይታጠራል፤ በውጭ የሮጠ ተጨማሪ ሜትሮች ይከፍላል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ለማሰብ ያለው ጊዜ ደግሞ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።

ሁለተኛው ዙርስ? እሱ የጉድ አገር ነው። በዚህ ርቀት ሰውነት ከሚያስፈልገው ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠውን በኦክስጅን ያመነጫል፤ የቀረውን ያለ ኦክስጅን፣ በብድር ያወጣል። ብድሩ የሚጠየቀው 600 ሜትር አካባቢ ነው። ጭን ይከብዳል፣ ክንድ ይደነዝዛል፣ አንገት ይገተራል። ለዚህ ነው በ800 የመጨረሻ ሜትሮች ላይ የምናየው ነገር ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያታልለው፤ ከኋላ መጥታ የምታልፈው ሯጭ ፍጥነት የጨመረች ትመስላለች እንጂ በእውነቱ ከሌሎቹ ያነሰ የቀነሰች ናት። ማሸነፍ ማለት ዘግይቶ መድከም ነው! ይህን ካወቃችሁ በኋላ የምታዩት እያንዳንዱ 800 አዲስ ሩጫ ይሆንባችኋል።

ጣዕሙን በምግብ ንገረን ካላችሁኝ፣ ማራቶን ቆጮ ነው፤ ታግሶ ተቀብሮ፣ ቀኑን ጠብቆ የሚበስል። 800 ደግሞ ዳጣ ናት፤ በጣት ጫፍ ትነሳለች፣ ራስን ግን ታዞራለች!

አሁን ወደ ሆሳዕና እንመለስ፤ ቦታው ራሱ አንድ ነገር ይናገራልና። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭ ወዳጅ ነው፤ ደረት ላይ የሚገፋው ንፋስ ይቀልለታል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን በውድድሩ ቀን ጠላት ነው፤ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሰዋል፤ በልምምድ ዘመኑ ደግሞ አስተማሪው ይሆናል። 800 ሜትር በሁለቱ መሃል፣ ልክ በድንበሩ ላይ ቆሟል። ደጋው የሚሰጠውም የሚነሳውም እዚያ ላይ ይገናኛሉ። እስካሁን የደጋውን ልጅ ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅም ርቀት። ፋንቱ መጥታ የደጋ ሳንባና የአጭር ርቀት እግር በአንድ ገላ ላይ ሊያድሩ እንደሚችሉ አሳየች። ያውም በለንደን ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን መለያ ለብሳ በ800 ሜትር እስከ መሰለፍ የደረሰ ማሳያ!

ያ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ምን ዓይነት ዓመት ነበር! ለ800 ሜትር ወዳጅ እንደ በዓል ይቆጠራል። በመስከረም ሚላን ላይ የ17 ዓመቱ የአሰላ ልጅ መሐመድ አማን ለሁለት ዓመት ገደማ ማንም ያልደፈረውን ኬንያዊ ዴቪድ ሩዲሻን አሸነፈ። አሥራ ሰባት ዓመት! በነሐሴ 3 ደግሞ ለንደን ላይ ያ የማይረሳ የኦሊምፒክ ፍጻሜ መጣ። ሩዲሻ አሯሯጭ ሳይኖረው፣ ከተኩሱ ጀምሮ ብቻውን ከፊት ሆኖ፣ የመጀመሪያውን ዙር በ49.28፣ ሁለተኛውን በ51.63 ሰከንድ ሮጦ በ1:40.91 ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን! የመጨረሻው፣ ስምንተኛው ሰው እንኳ የገባበት 1:43.77 ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ኦሊምፒኮች የሚያሸንፍ ሰዓት ነበር። መሐመድ በዚያ ጎርፍ ውስጥ በ1:43.20 ስድስተኛ ወጣ። ልቡ ተሰበረ ትላላችሁ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ዙሪክ ላይ፣ በዝናብ፣ ያንኑ ባለ ክብረ ወሰን ሩዲሻን ደግሞ አሸነፈው፤ 1:42.53! በዓመቱ ሞስኮ ላይ ተፎካካሪው ኒክ ሲሞንድስ አሸነፍኩ ባለበት ቀጥታ መስመር ላይ ከጎኑ ብቅ ብሎ በ1:43.31 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኢትዮጵያዊ በ800 ሜትር! ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ካልነገራችሁ ምን ልትነግሯቸው ነው?

የሴቶቹ በር ግን ገና ሊከፈት ነበር፤ ፋንቱ ያንኳኳችውን በር ሌሎች ገፉት። ክብረ ወሰኗ ከዓመታት በኋላ ተሻሻለ፤ መሻሻሉ ራሱ መንገዱ እንደተጠረገ ምስክር ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ግላስጎው ላይ ፅጌ ዱጉማ በቤት ውስጥ ውድድር የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሐምሌ መጨረሻ ፓሪስ ላይ ደግሞ ከእንግሊዛዊቷ ኬሊ ሆጅኪንሰን ቀጥላ በ1:57.15 የኦሊምፒክ ብር አጠለቀች። ፅጌ ከየት ነው የመጣችው? ከ400 ሜትር! ከአጭር ርቀት ወደ ሁለት ዙር፤ ልክ ፋንቱ የሄደችበት መንገድ። ይህን ሳስተውል ከመቀመጫዬ ተነስቼ ማጨብጨብ አማረኝ። በዚህች አገር ለካ ሌላ የሩጫ ዘር አለ፤ ከማራቶን ወደ ታች ሳይሆን ከ200 እና ከ400 ወደ ላይ የሚበቅል!

ወደ ላይስ እስከ የት? ይህን ስሙና ፍረዱ። ትግስት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለችው በ800 ሜትር ነው። ሁለት ዙር የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ያቺው ትግስት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ሮጠች፤ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆርሳ ጣለችው! ከሁለት ዙር እስከ 42 ኪሎ ሜትር። የሩጫ ዓይነቶች በመሃላቸው ግንብ የላቸውም ማለት ነው፤ በር ነው ያላቸው፣ በሩም ክፍት ነው።

ይህ የመካከለኛው ኢትዮጵያ ምድር ደግሞ በሮቹን ሁሉ የያዘ ቤት ነው። ሆሳዕና ዛሬ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ጉራጌና ስልጤ በአንድ ክልል ጥላ ሥር ሆነዋል። አሁን ጎረቤቶቿን ቁጠሩ። ከስልጤ የተነሳው ሙክታር እድሪስ በ2009 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት የሚሮጠውን ሞ ፋራህን በ5 ሺህ ሜትር አሸንፎ ስታዲየሙን ዝም አሰኘው። ከጉራጌ የተነሳው ሰለሞን ባረጋ በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በመሃል፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ፣ በ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱ ጎረቤታሞች ተከታትለው ገቡ፤ ሙክታር አንደኛ በ12:58.85፣ ሰለሞን ሁለተኛ በ12:59.70። ወርቅና ብሩ ከአንድ መንደር አጥር ለአጥር የተነሳ ነው የሚመስለው! ሰለሞን ደግሞ እንደ ትግስት በሮቹን መክፈት ይወዳል፤ በቤት ውስጥ 3 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ማራቶንም ጀምሯል። እንግዲህ በዚህ ካርታ ላይ አጭሩን ርቀት የሞላችው ማን ናት? የሆሳዕናዋ ፋንቱ። ከ200 ሜትር እስከ ማራቶን፣ አንድ አካባቢ!

ወደ ከምባታ ስንሻገር ደግሞ ሌላ ጉድ ይጠብቀናል። ዱራሜ ከተማን ከበላይዋ ሆኖ የሚያያት የሐምበሪቾ ተራራ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ወደ አናቱ የሚያወጣው ደረጃ 777 እርከን ነው። ሰባት መቶ ሰባ ሰባት! ሰው ይህን ደረጃ የሚያየው ለሽርሽርና ለፎቶ ነው፤ እኔ ግን ሩጫ ነው ያየሁበት። የደረጃ ሩጫ የሚባል ውድድር እኮ አለ! በኒው ዮርክ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች 1,576 ደረጃ እየሮጡ ይወጣሉ፤ ከዓለም ዳርቻ ድረስ መጥተው፣ በአራት ግድግዳ መካከል፣ የታፈነ አየር እየሳቡ። ሐምበሪቾን አንዴ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ደግሞ የወጣ ሰው የኤምፓየር ስቴትን ያህል ደረጃ ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ ያውም እግሩ ሥር የእንሰት ማሳውን አረንጓዴ፣ ራሱ ላይ ንጹሕ ሰማይ ይዞ። የተራራ ሩጫም በዓለም አቀፍ ደረጃ ሻምፒዮና ያለው ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ዱራሜ ሐምበሪቾን የመሰለ መሮጫ ደጃፏ ላይ ተዘርግቶላታል፤ በእግር ኳስ ክለቧ ላይ የተራራውን ስም እንደሰቀለች ሁሉ ተራራው ላይም ሯጮቿን ትስቀል!

ሌሎቹንም ዓይነቶች ዝም ብዬ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። 3 ሺህ ሜትር መሰናክልን እዩ፤ 28 ጊዜ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ! አገር አቋራጭን እዩ፤ ጭቃው፣ ሣሩ፣ ዳገቱ ሁሉም ተወዳዳሪ ነው። ዱላ ቅብብልን እዩ፤ ሩጫ ብቸኛ ስፖርት ነው ያለ ሰው አራት ጓደኛሞች አንዲት ዱላ ሲቀባበሉ ሲያይ አፉን ይይዛል። ሁሉም የየራሱ ቋንቋ አለው። እኔ ግን ዞሬ ዞሬ ወደ ሁለቱ ዙር እመለሳለሁ፤ የሁሉም ቅመም አለበትና። እንደ አጭር ርቀት ይፈነዳል፣ እንደ ረጅም ርቀት ያስባል፣ እንደ አገር አቋራጭ ይገፋፋል።

ደግሞ ምን ያህል ያልተጨረሰ ሥራ አለበት! የሴቶች 800 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን 1:53.28 ነው፤ የቼኳ ያርሚላ ክራቶክቪሎቫ ሙኒክ ላይ ያስመዘገበችው፣ በሐምሌ 1975 ዓ.ም.። ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር! ከዚያ ወዲህ ስንት ክብረ ወሰን በኢትዮጵያውያን እግር ሥር ተፈጨ፤ 5 ሺህ፣ 10 ሺህ፣ ግማሽ ማራቶን፣ ማራቶን። ይህ ግን ከአርባ ዓመት በላይ እንደ አለት ቆሟል። ፋንቱ ካስመዘገበችው ከአራት ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ላይ ነው። አራት ሰከንድ በ800 ሜትር ቀላል አይደለም፤ ሰፊ ገደል ነው። ግን ገደል ለተራራ ልጆች ምኑ አዲስ ነው?

ስለዚህ አደራ! ቀጣዩ የዓለም ሻምፒዮና ወይም ኦሊምፒክ ሲመጣ የ10 ሺህ ሜትሩን ምሽት ብቻ ጠብቃችሁ ቴሌቪዥኑን አታጥፉ። የ800 ሜትሩን ማጣሪያ ከመጀመሪያው እዩ፤ ግማሽ ፍጻሜው እንዳያመልጣችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከፍጻሜው ይልቅ ጭካኔው እዚያ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥምዝ አልቆ መስመር ሲለቀቅ ማን የትኛውን ቦታ እንደያዘ። ሁለተኛ፣ 600 ሜትር ላይ የማን ትከሻ ወደ ጆሮ እየወጣ እንደሆነ። ትከሻው ዝቅ እንዳለ የቀረውን ሯጭ ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው እሱ ነው።

እናንተ ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ አንጋጫ ያላችሁ መምህራንና አሠልጣኞች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በትምህርት ቤት ውድድር ላይ 200 ሜትር አሸንፋ ወዲያው ሳቅ የምትል፣ ትንፋሿ ቶሎ የሚመለስ ልጅ ስታዩ "ረጅም ርቀት ብትሞክሪ ይሻልሻል" ብላችሁ አትለፏት። ሁለት ዙር አስሩጧት! ሰዓት ያዙላት፣ ደወል ካጣችሁም የድስት ክዳን ምቱላት። ያ 1:53.28 የሚሉት አለት የሚፈርሰው እንደዚያ ባለች ልጅ እግር ነው፤ እኔም ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ልጮህ ከአሁኑ ተዘጋጅቻለሁ!